የአብራሪ ብቃት እድሳት

የአብራሪ ብቃት እድሳት ማለት የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ሰው ሙያው እንዳይዝግ በየጊዜው የሚያደርገው በረራ፣ የሚወስደው ሥልጠና፣ ፈተናና የጤና ምርመራ ነው። አብራሪ አንድ ጊዜ ተምሮ ከተመረቀ በኋላ ዕድሜ ልኩን በዚያው የሚሠራ ባለሙያ አይደለም። ፈቃዱ በኪሱ ቢሆንም እንኳ በረራ ካቋረጠ የተወሰኑ ቀናት ካለፉት፣ በየጊዜው የሚሰጠውን የብቃት ፈተና ካላለፈ ወይም የጤና ማረጋገጫው ካልታደሰ መንገደኛ ይዞ መነሣት አይፈቀድለትም።

የእድሳቱ ደንቦች በአብዛኛው ዓለም ተቀራራቢ ናቸው። መሠረታቸው ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1944) በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው። የስምምነቱ አንደኛ አባሪ ስለ ባለሙያዎች ፈቃድ፣ ስድስተኛው አባሪ ደግሞ ስለ በረራ ሥራ ይደነግጋል። አባል አገሮች እነዚህን መነሻ አድርገው የየራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ። በኢትዮጵያ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚያድሰውና የሚያግደው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ፈቃድ፣ የዓይነት ብቃትና ወቅታዊ ልምድ

ብዙ ጊዜ እንደ አንድ የሚታዩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ፈቃድ (ላይሰንስ) ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ለንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 ሰዓት ሲያስፈልግ፣ ሥልጠናው በተፈቀደ ትምህርት ቤት ያለማቋረጥ ከተሰጠ 150 ሰዓት ይበቃል። ከፍተኛው የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። የአንድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ዋና አብራሪ ወይም ካፒቴን ሊኖረው የሚገባው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ሁለተኛው የዓይነት ብቃት (ታይፕ ሬቲንግ) ይባላል። ቦይንግ 737 የሚያበር ሰው ያለ ተጨማሪ ሥልጠና ቦይንግ 787 ወይም ኤርባስ 350 ማብረር አይችልም። የእያንዳንዱ አውሮፕላን የኤሌክትሪክ፣ የነዳጅና የመቆጣጠሪያ ሥርዓት የተለየ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ዓይነት ራሱን የቻለ ትምህርትና ፈተና አለው።

ሦስተኛው ወቅታዊ ልምድ ነው። ይህ አብራሪው የተማረውን አሁንም በእጁና በአእምሮው ይዞት እንደሆነ የሚለካ ነው። ፈቃዱ የሚናገረው ሰውየው አንድ ጊዜ ብቁ እንደነበረ ነው፤ ዛሬም ብቁ መሆኑን የሚያሳየው ወቅታዊ ልምዱ ነው። እያንዳንዱ በረራ፣ የተነሣበትና ያረፈበት ቦታ፣ የፈጀው ሰዓትና የአውሮፕላኑ ዓይነት በአብራሪው የበረራ መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር ይህን ማረጋገጥ ይቻላል።

የጊዜ ገደቦች

በመንገደኞች ማጓጓዣ የተሠማራ አብራሪ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀጠሮዎች ይቆጠሩበታል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• 90 ቀን፦ አብራሪው ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ወይም በተፈቀደ ምስለ በረራ (ሲሙሌተር) ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ማረፍ አለበት።

• በዓመት ሁለት ጊዜ፦ አየር መንገዱ የአብራሪዎቹን የአሠራር ብቃትና አደጋ ሲያጋጥም የሚወሰዱ እርምጃዎችን የማወቅ ችሎታ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈትናል። በአራት ተከታታይ ወራት ውስጥ የተሰጡ ሁለት ተመሳሳይ ፈተናዎች ብቻቸውን ይህን ግዴታ አያሟሉም። ምክንያቱም ደንቡ የፈለገው ፈተናው በዓመቱ ውስጥ ተራርቆ እንዲሰጥ ነው።

• 12 ወር፦ ካፒቴን ባለፉት 12 ወራት በመስመሩ ወይም በአካባቢው ካልበረረ በዚያ መስመር በካፒቴንነት እንዲቀጥል አይመደብም። የንግድና የአየር መንገድ አብራሪዎች የጤና ማረጋገጫም በመደበኛነት ለ12 ወር ያገለግላል። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ካለፈ ግን በየ6 ወሩ ይመረመራሉ።

• 3 ዓመትና 6 ዓመት፦ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪ በሬዲዮ የሚግባባበት የእንግሊዝኛ ችሎታው ከ1 እስከ 6 ባሉ ደረጃዎች ይመዘናል። ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ደረጃ 4 ነው። ደረጃ 4 ያገኘ በየ3 ዓመቱ፣ ደረጃ 5 ያገኘ በየ6 ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል። ደረጃ 6 ያገኘ ሁለተኛ አይፈተንም።

• 65 ዓመት፦ ከአንድ በላይ አብራሪ ባለበት ዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ መሥራት የሚቻለው ዕድሜ 65 እስኪሞላ ድረስ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ሌሎቹ ሁሉ የተሟሉ መሆናቸው አብራሪውን አያበቃውም። ለምሳሌ የሕመም ፈቃድ ወስዶ አራት ወር የቆየ ካፒቴን ጤናው ቢመለስም፣ የ90 ቀኑ ገደብ ስላለፈው መጀመሪያ በምስለ በረራ ወይም ከአሠልጣኝ ጋር ተነሥቶ ማረፍ ይኖርበታል።

ክህሎት እንዴት ይዝጋል

በአብነት ትምህርት ቤት የዜማ ተማሪ የተማረውን በየጊዜው ካልደገመው እንደሚጠፋበት ሁሉ፣ አብራሪም ያልተጠቀመበት ችሎታ ይሸሸዋል። ይሁን እንጂ ሁሉም ችሎታ እኩል አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ በስቲቨን ካስነር የተመራ ጥናት ታትሟል። ጥናቱ በቦይንግ 747-400 ምስለ በረራ ላይ 16 የአየር መንገድ አብራሪዎችን ፈትኗል። አብራሪዎቹ በሥራቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ በራስ-ሰር መቆጣጠሪያ (አውቶፓይለት) የሚበሩ ነበሩ። ውጤቱ ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ሆነ። አውሮፕላኑን በእጅ የመምራትና መለኪያዎችን በዐይን የመቃኘት ችሎታቸው ብዙም አልተጎዳም ነበር። ይበልጥ የደከመው አሁን የት ነው ያለነው፣ ቀጥሎ ምን ይመጣል፣ የተበላሸው የትኛው መሣሪያ ነው የሚሉትን ጥያቄዎች ያለ ኮምፒውተር እርዳታ በአእምሮ የመከታተል ችሎታ ነበር። ስለዚህ የማደሻ ሥልጠና እጅን ብቻ ሳይሆን ማሰብንም ማለማመድ አለበት።

ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009) አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ በረራ 447 ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ በመደፈናቸው አውቶፓይለቱ ተለያይቶ አውሮፕላኑ በአብራሪዎቹ እጅ ቀረ። አፍንጫው ከልክ በላይ ወደ ላይ በመቅናቱ ክንፎቹ አየሩን የመያዝ አቅም አጡ፤ በአውሮፕላኑ የነበሩት 228 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። መርማሪዎቹ አብራሪዎቹ በከፍተኛ ከፍታ ላይ በእጅ የማብረር ሥልጠና እንዳላገኙ ጠቅሰዋል። ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ ከቁጥጥር ሊወጣ የተቃረበን አውሮፕላን ወደ ቦታው የመመለስ ሥልጠና በዓለም አቀፉ ደንብ ውስጥ ገባ።

የምስለ በረራ ሥልጠና

የማደሻ ሥልጠናው ዋናው ክፍል የሚሰጠው በምስለ በረራ ነው። ይህ መሣሪያ የአንድን አውሮፕላን የአብራሪዎች ክፍል ከነመለኪያዎቹና ከነመዘውሮቹ የያዘ ሲሆን፣ በሚንቀሳቀሱ እግሮች ላይ ቆሞ መዘንበልን፣ መንቀጥቀጥንና መንደርደርን ያስመስላል። በውጭ የሚታየው ማያ ገጽ መንደርደሪያውን፣ ደመናውንና ተራራውን ያሳያል።

ልምምዱ በአብዛኛው የሚከናወነው ካፒቴንና ረዳት አብራሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። አሠልጣኙ ከኋላቸው ሆኖ ብልሽቶችን ይፈጥራል። ከተለመዱት መካከል አውሮፕላኑ መቆም ከማይችልበት ፍጥነት ላይ ከደረሰ በኋላ አንድ ሞተር ሲጠፋ መነሣት፣ በአንድ ሞተር ማረፍ፣ ለማረፍ ቀርቦ ተመልሶ መውጣት፣ የሞተር እሳትና ድንገተኛ የነፋስ ለውጥ ይገኙበታል። እነዚህን መንገደኛ በጫነ አውሮፕላን ላይ መለማመድ አይቻልም። በምስለ በረራ ላይ ግን ስህተቱ ሰው ሳይጎዳ ይታያል፤ ልምምዱም ቆሞ እንደገና ሊጀመር ይችላል። ከልምምዱ በኋላ የሚደረገው ውይይት ከልምምዱ ያልተናነሰ ጥቅም አለው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946) በዲሲ-3 አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብራሪዎቹ ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገው ስምምነት የመጡ የውጭ ዜጎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ቀስ በቀስ ተተኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዲሲ-3ን በአዛዥነት አበረሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 የአየር መንገዱ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ለዓመታት በረዳት አብራሪነት ከሠሩ በኋላ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። ማሠልጠኛው ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ይባላል። አየር መንገዱ የራሱ ምስለ በረራዎች ስላሉት አብራሪዎቹ ለማደሻ ሥልጠና ወደ ውጭ መሄድ ግድ አይሆንባቸውም፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችንም ያስተናግዳል።

የአገሪቱ መልክዓ ምድር ሥልጠናውን የራሱ ጠባይ ይሰጠዋል። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ የባሕር ዳሩ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል። በቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን መለኪያው የሚያሳየው ፍጥነት ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያሳየው ጋር እኩል ቢሆንም፣ በመሬት ላይ የሚሮጠው ግን ከመቶ 12 እጅ ያህል በልጦ ነው። ስለዚህ ለመነሣትም ለመቆምም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ተራራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ቢሰመር፣ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ጮቄ ተራራ ያቀናል። ብቸና፣ መርጡለ ማርያምና ሞጣ ከመስመሩ በስተምሥራቅ ይቀራሉ። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር ግፊት ቢያመልጥ አብራሪዎች የኦክስጅን ጭምብል አጥልቀው፣ መንገደኞች ያለ ጭምብል መተንፈስ ወደሚችሉበት 10,000 ጫማ (3,000 ሜትር ገደማ) በፍጥነት መውረድን ይማራሉ። የጮቄ ጫፍ ግን ከ4,000 ሜትር፣ ማለትም ከ13,000 ጫማ በላይ ነው። የራስ ደጀን ጫፍ ደግሞ ወደ 4,550 ሜትር ይደርሳል። በሌላ አገር በቃል የተያዘውን ቁጥር እዚህ ሳያስቡ መከተል አውሮፕላኑን ከተራራ ጋር ያጋጫል። አብራሪው መጀመሪያ የት እንዳለ ማወቅ፣ ተራራውን በሚያሳልፈው ከፍታ ላይ መቆየት፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ መውረድ አለበት። በየ12 ወሩ መስመሩን ማወቅ ግዴታ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከአደጋዎች የተገኙ ትምህርቶች

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988) የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 604 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመሄድ ሲነሣ የርግብ መንጋ ገባበት። ቦይንግ 737-200 አውሮፕላኑ ለመመለስ ሲሞክር ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ መሬት ላይ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሲሞቱ 69ኙ ተረፉ። በሥልጠና በብዛት የሚደገመው የአንድ ሞተር መጥፋት ነው። የባሕር ዳሩ አደጋ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊሄዱ እንደሚችሉና በዚያን ጊዜ ለውሳኔ የሚተርፈው ሰዓት እጅግ አጭር መሆኑን አሳይቷል።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996) የተጠለፈው በረራ 961 ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አረፈ። ካፒቴን ልዑል አባተና ረዳት አብራሪው ዮናስ መኩሪያ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገሉ ሞተር አልባውን ቦይንግ 767 ወደ ባሕር ዳርቻው አቀረቡት። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ። እንዲህ ያለውን ማረፊያ በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ ሊለማመደው የሚችል ሰው የለም። አብራሪው የሚጠቀምበት በልምምድ የጸና መሠረታዊ ችሎታውን ነው።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃኑዋሪ 25 ቀን 2010) በረራ 409 ከቤይሩት በሌሊት ተነሥቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 90 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የሊባኖስ መርማሪዎች ሪፖርት አብራሪዎቹ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን በአግባቡ እንዳልተቆጣጠሩና የመደጋገፍን መርህ እንዳልተከተሉ ይገልጻል። አየር መንገዱ ይህን ድምዳሜ አልተቀበለም። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ ጉዳዩ የነካው ትምህርት በመላው ዓለም የሚሰጥ ነው፤ እሱም የአብራሪዎች ቡድን አመራር ይባላል። ይህ ትምህርት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ረዳት አብራሪው የካፒቴኑን ስህተት ሲያይ በግልጽ እንዲናገር፣ ካፒቴኑም ሰምቶ እንዲመልስ ያሠለጥናል። ታላቅን ማክበር ሥር በሰደደበት ባህል ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህም ሁለቱ አብራሪዎች ሌላውን ማስተካከል እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ሥራ ድርሻ እንዲቆጥሩት ደጋግሞ ማለማመድ ያስፈልጋል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019) ወደ ናይሮቢ የሚሄደው በረራ 302 ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላኑ ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ነበረው። ሥርዓቱ ከአንድ የተበላሸ ጠቋሚ በመጣ የተሳሳተ መረጃ ምክንያት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። ከዚያ በፊት ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። እስከዚያ አደጋ ድረስ ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተብራራም ነበር። ከቀድሞው 737 ወደ ማክስ የሚሸጋገር አብራሪም በኮምፒውተር የሚሰጥ አጭር ትምህርት እንጂ የምስለ በረራ ሥልጠና እንዲወስድ አይጠየቅም ነበር። የኢትዮጵያ መርማሪዎች ዋናውን ምክንያት በኤምካስ ላይ ሲያደርጉ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ ተቋማት የአብራሪዎቹ አሠራርም ይበልጥ መመርመር ነበረበት የሚል አስተያየት ሰጥተዋል።

ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2020) የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ማክስ እንደገና እንዲበር ሲፈቅድ፣ አብራሪዎቹ አስቀድመው በምስለ በረራ እንዲሠለጥኑ አስገደደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኑን ወደ ሥራ የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

የደንቡ ወሰንና አዲሱ አካሄድ

ከላይ የተጠቀሱት አደጋዎች የእድሳት ሥርዓቱን ጥቅምም ወሰንም ያሳያሉ። ቀጠሮውን ሁሉ ያከበረ አብራሪ የሚዘጋጀው በሥልጠናው ውስጥ ለገባው ነገር ነው። አምራቹ ስለ አውሮፕላኑ ያልነገረውን አየር መንገዱ ሊያስተምረው አይችልም፤ አየር መንገዱ ያላስተማረውንም ፈታኙ አይፈትነውም። ስለዚህ የብቃት እድሳት የአብራሪው ብቻ ሳይሆን የአምራቹ፣ የአየር መንገዱና የተቆጣጣሪው የጋራ ኃላፊነት ነው።

ሌላው ድክመት ተመሳሳይ ልምምድ መደጋገም ነው። የሚመጣውን ብልሽት አስቀድሞ የሚያውቅ አብራሪ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል፤ ያልጠበቀው ሲገጥመው ግን ሊደነግጥ ይችላል። ይህን ለማሻሻል የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በመረጃ ላይ የተመሠረተ ሥልጠና የተባለውን አካሄድ የሚያብራራ መመሪያ አውጥቷል። በዚህ አካሄድ የሥልጠናው ይዘት የሚመረጠው በእውነተኛ በረራዎች ከተሰበሰበ መረጃ ነው። አብራሪውም የሚመዘነው የተወሰኑ ልምምዶችን በመፈጸሙ ብቻ ሳይሆን ሁኔታን በመረዳቱ፣ በመወሰኑ፣ ሥራ በማከፋፈሉና ከባልደረባው ጋር በመግባባቱ ነው።

በአብራሪው በኩል የሚቀረው ድርሻ በየዕለቱ የሚደረግ ነው። መመሪያዎች ሲሻሻሉ ማንበብ፣ አየሩና የበረራው ጥግግት ሲፈቅድ አውቶፓይለቱን አላቅቆ በእጅ ማብረር፣ ከመነሣቱ በፊት ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ ከባልደረባው ጋር መነጋገር፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ከታመመ አልበርም ማለት ይጠበቅበታል። የ90 ቀኑና የስድስት ወሩ ቀጠሮ ዝቅተኛውን መጠን ብቻ የሚወስን ነው። በሁለት ፈተናዎች መካከል ባሉት ወራት የችሎታው ጠባቂ አብራሪው ራሱ ነው።